ቅርጽን ሳይሆን ሥራን የሚያይ ካሜራ፦ የኑክሌር ሕክምናና የጡት ካንሰር በኔዘርላንድ

የጡት ካንሰርን ለመፈለግ በዓለም ዙሪያ በቀዳሚነት የሚያገለግለው መሣሪያ ማሞግራፊ ነው። ማሞግራፊ አነስተኛ መጠን ያለው ራጅ በጡት ውስጥ አሳልፎ ጥላውን ይመዘግባል። ስቡ ጠቆር ብሎ ሲታይ፣ ወተት አመንጪው ክፍልና አያያዡ ሕብረ ሕዋስ ነጣ ብለው ይታያሉ። ችግሩ ካንሰሩም ነጭ ሆኖ መታየቱ ነው። ጡታቸው በአብዛኛው ስብ በሆነ ሴቶች ላይ ትንሽ ዕባጭ እንኳ ጎልታ ትወጣለች። ጡታቸው ጥቅጥቅ ባለ ሕብረ ሕዋስ በተሞላ ሴቶች ላይ ግን ፍለጋው በጥጥ ባዘቶ መካከል የወደቀ ነጭ ክር እንደ መልቀም ይሆናል። ስለዚህ «ምንም አልታየም» የሚለው ውጤት ሁልጊዜ «ምንም የለም» ማለት አይደለም።

የኑክሌር ሕክምና ይህንኑ ጥያቄ ከሌላ አቅጣጫ ያነሣል። ዕባጩ ምን እንደሚመስል ሳይሆን ምን እየሠራ እንደሆነ ይጠይቃል። ካንሰር ከጤነኛው ሕዋስ ይልቅ ስኳር ይሻማል፤ በላዩ ላይ የተለዩ የሆርሞንና የፕሮቲን ተቀባዮችን ያበዛል፤ በሊምፍ መስመር እየተጓዘ ወደ ሌላ አካል ይሸጋገራል። እነዚህ ሁሉ ሥራዎች ናቸው፤ ሥራ ደግሞ በትክክለኛው ንጥረ ነገር ከተከተሉት ይታያል።

ኔዘርላንድ በዚህ መስክ ከአገሩ ስፋት በላይ ድርሻ አላት። በአምስተርዳምና በሮተርዳም የሚገኙ ሆስፒታሎች ካለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ዘዴውን ሲያሻሽሉ ኖረዋል። በዘ ሄግ የሚገኙት የመንግሥት ተቋማት ደግሞ ለማን፣ መቼና በማን ወጪ ይሰጥ የሚለውን ይወስናሉ። የሦስቱን ከተሞች ልምድ አንድ ላይ ያየ ሰው የሚደርስበት መደምደሚያ ግን ብዙዎች ከሚጠብቁት ይለያል። የኑክሌር ምስል ማሞግራፊን ሊተካ አልመጣም። ትልቁ ውለታው የማያስፈልገውን ቀዶ ሕክምናና የማይሠራውን መድኃኒት አስቀድሞ ለይቶ ማስቀረቱ ነው።

ጨረሩ ከውስጥ ሲነሣ

በራጅና በሲቲ ስካን ጨረሩ የሚነሣው ከማሽኑ ነው፤ በሰውነት ውስጥ አልፎ በወዲያኛው በኩል ይያዛል። በኑክሌር ሕክምና ጨረሩ የሚነሣው ከታካሚዋ ሰውነት ውስጥ ነው። እጅግ ጥቂት የሆነ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር፣ ሕዋሳት ከሚፈልጉት ሞለኪውል ጋር ተያይዞ በመርፌ ይሰጣል። ሞለኪውሉ ወደለመደው ቦታ ይሄዳል፤ የተሸከመው ንጥረ ነገር ደግሞ ከዚያ ሆኖ ጨረር እየላከ አድራሻውን ይናገራል። የዚህ ዘዴ አባት ተብሎ የሚታወቀው የሃንጋሪ ተወላጁ ኬሚስት ጆርጅ ደ ሄቨሲ ሲሆን፣ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮችን ለክትትል በማዋሉ የ1943 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

በጡት ካንሰር ሕክምና ሁለት ዓይነት ካሜራዎች ይሠራሉ። የመጀመሪያው ጋማ ካሜራ ነው። ዋናው ምግቡ ቴክኒሺየም-99ኤም የተባለ አይሶቶፕ ነው። የዚህ አይሶቶፕ ግማሽ ዕድሜ 6 ሰዓት ነው፤ ማለትም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ እየቀነሰ ሄዶ በአንድ ቀን ውስጥ ከነበረው 16ኛው እጅ ብቻ ይቀራል። ይህ ለታካሚዋ መልካም ዜና ነው፤ ጨረሩ በሰውነቷ ውስጥ አይከርምም።

ሁለተኛው ፔት ስካን ነው። እዚህ የሚያገለግለው በአብዛኛው 110 ደቂቃ ግማሽ ዕድሜ ያለው ፍሎሪን-18 ሲሆን፣ ስኳር ከሚመስል ሞለኪውል ጋር ይያያዛል። አይሶቶፑ ፖዚትሮን የተባለ ቅንጣት ይተፋል። ፖዚትሮኑ ከአካባቢው ኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፉና በምትካቸው ሁለት የጋማ ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይወረወራሉ። ታካሚዋን የከበበው የመቀበያ ቀለበት ሁለቱን በአንድ ቅጽበት ሲይዝ፣ ምንጫቸው በሁለቱ ነጥቦች መካከል ባለው መስመር ላይ እንደሆነ ያውቃል። ሚሊዮን ጊዜ የተደጋገመ መስመር ተደምሮ ምስል ይሆናል።

የሁለቱም ድክመት አንድ ነው፦ የምስላቸው ጥራት። መላ ሰውነትን የሚያነሣ ፔት ስካን ከ5 ሚሊ ሜትር ገደማ በታች የሆነን ነገር ለይቶ ለማሳየት ይቸገራል፤ የተለመደው ጋማ ካሜራ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ቀስ ብለው የሚያድጉና ስኳር ብዙም የማይሹ የጡት ካንሰር ዓይነቶችም ከፔት ዓይን ሊያመልጡ ይችላሉ። ስለዚህ ንጹሕ የሆነ የፔት ምስል ብቻውን «ካንሰር የለም» ለማለት አያበቃም።

ለጡት ብቻ የተሠሩ ካሜራዎች

መሐንዲሶች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ ካሜራውን ወደ ጡት ማስጠጋት ነው። አንደኛው መንገድ ሞለኪውላር የጡት ምስል ይባላል። ሴቲቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጡቷ በሁለት ትናንሽ የጋማ መቀበያዎች መካከል ሳይጨፈለቅ በቀስታ ይያዛል። በመርፌ የተሰጣት ቴክኒሺየም፣ ሴስታሚቢ ከተባለ ሞለኪውል ጋር ተያይዞ ኃይል አምራች በሆኑት የሕዋስ ክፍሎች ውስጥ ይከማቻል። ካንሰር ኃይል በብዛት ስለሚያመነጭ ደምቆ ይታያል፤ የጡቱ ጥቅጥቅነት ምስሉን ብዙም አይጋርድም። ለእያንዳንዱ ምስል 10 ደቂቃ ገደማ፣ ለአራቱ 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

በዚህ ዘዴ በሰፊው የሠራው የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው ጥናት ጥቅጥቅ ጡት ያላቸው 1,585 ሴቶች ተመርምረዋል። ማሞግራፊ ብቻውን ከ1,000 ሴቶች በ3.2ቱ ላይ ካንሰር ሲያገኝ፣ ሞለኪውላር ምስሉ ሲታከልበት ቁጥሩ ወደ 12 ከፍ ብሏል።

በአምስተርዳም ደግሞ የስፔን ሥሪት የሆነ ለጡት ብቻ የሚያገለግል ፔት ተሞክሯል። ሴቲቱ በደረቷ ትተኛለች፤ ጡቷ በአልጋው ቀዳዳ ወደ ታች ይወርዳል፤ የመቀበያ ቀለበቱም በቅርበት ይከብበዋል። ቀለበቱ ቅርብ በመሆኑ ትናንሽ ዝርዝሮች ይጎላሉ። ነገር ግን ከደረት ጡንቻ አጠገብ የበቀለ ካንሰር ቀለበቱ ከሚደርስበት ውጭ ስለሚቀር፣ በትልቁ ፔት ስካን የታየው በትንሹ ሳይታይ የሚቀርበት አጋጣሚ ተመዝግቧል። መሣሪያ አንዱን ዓይነ ስውርነት ሲፈታ ሌላ ሊፈጥር እንደሚችል ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

አምስተርዳም፦ ክንድን ያተረፈ ጨረር

አንቶኒ ፋን ሌወንሁክ ሆስፒታልና አብሮት ያለው የኔዘርላንድ ካንሰር ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1913 በአምስተርዳም ተመሠረቱ። ሆስፒታሉ የተሰየመው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በገዛ እጁ በሞረዳቸው ሌንሶች ረቂቅ ነፍሳትን ባየው የዴልፍት ጨርቅ ነጋዴ ስም ነው። ኑክሌር ሕክምና ለጡት ካንሰር ታካሚዎች የሰጠው ትልቅ ጥቅም በዚህ ቤት ታሪክ ውስጥ በግልጽ ይታያል፤ ጥቅሙም የተገኘው ከጡት ይልቅ በብብት ላይ ነው።

የጡት ካንሰር ከመነሻው ሲወጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በብብት ሥር ባሉት የሊምፍ ዕጢዎች፣ ሲያብጡ በተለምዶ ንፍፊት በምንላቸው ላይ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሐኪሞች ካንሰሩ ይድረስባቸው አይድረስባቸው ሳያውቁ ዕጢዎቹን ጠቅላላ ጠርገው ያወጡ ነበር። ዕጢዎቹ ሲወጡ ግን ከክንድ የሚመለሰው ፈሳሽ መውጫ ያጣል። ክንድ ያብጣል፣ ይከብዳል፣ በቀላሉ ይመረቅዛል። ልጅ ለምታዝል፣ እንጀራ ለምትጋግር፣ በእጇ ሠርታ ለምታድር ሴት ይህ ከካንሰሩ ከዳነች በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ የሚከተላት ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠና ሥራ እንዳሳየው፣ ዕጢዎቻቸው ተጠርገው ከወጡላቸው ሴቶች 20 ከመቶ ያህሉ የክንድ እብጠት ይደርስባቸዋል።

መፍትሔው «ዘበኛዋ ዕጢ» የምትባለውን መፈለግ ሆነ። የሊምፍ ፈሳሽ ከጡት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚደርስባት ዕጢ እርሷ ናት፤ ካንሰሩ እርሷን ካልነካ ከኋላዋ ያሉትን የመንካቱ ዕድል አነስተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዴቪድ ክራግና ባልደረቦቹ ይህችን ዕጢ በራዲዮአክቲቭ ጠቋሚና በእጅ በሚያዝ የጋማ መፈለጊያ በጡት ካንሰር ታካሚዎች ላይ ማግኘት እንደሚቻል አሳዩ። ቴክኒሺየም የተያያዘበት ረቂቅ ፕሮቲን በዕባጩ ወይም በጡቱ ጫፍ አካባቢ ይወጋል፤ በሊምፍ መስመር ተጉዞ በመጀመሪያዋ ዕጢ ይታሰራል። ጋማ ካሜራው ቦታዋን ያሳያል፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ መፈለጊያው ወደ እርሷ ሲቀርብ ድምፁ ይፈጥናል። ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ ያቺን አንድ ዕጢ አውጥቶ ለምርመራ ይልካል። በዚህ መንገድ የታከሙ ሴቶች ላይ የክንድ እብጠት ከ6 ከመቶ በታች ወርዷል።

የአምስተርዳሙ ሆስፒታል ሐኪሞች ጥያቄውን አንድ እርምጃ ገፉት፦ ዘበኛዋ ዕጢ ካንሰር ቢገኝባትስ፣ የግድ ሌሎቹን ሁሉ መጥረግ ያስፈልጋልን? የሆስፒታሉ ቀዶ ሐኪም ኤሚል ሩትገርስ የመሩትና አማሮስ የተባለው የአውሮፓ ጥናት 4,806 ሴቶችን መዝግቦ፣ ዘበኛዋ ዕጢያቸው ካንሰር የተገኘባትን 1,425 ሴቶች በሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ዕጢዎቻቸው ተጠረጉ፤ ግማሾቹ በምትኩ የጨረር ሕክምና ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ውጤት እንዳመለከተው ካንሰሩ በብብት ተመልሶ የመጣባቸው በሁለቱም ወገን እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ የክንድ እብጠት ምልክት የታየው ግን በቀዶ ሕክምናው ወገን በ23 ከመቶ፣ በጨረሩ ወገን በ11 ከመቶው ላይ ነው።

ቀጣዩ እንቆቅልሽ ኬሞቴራፒን ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚወስዱት ሴቶች ነበሩ። መድኃኒቱ በብብት የነበረውን ካንሰር ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል። ነገር ግን ከወራት በኋላ ከብዙ ዕጢዎች መካከል የታመመችው የቷ እንደነበረች ማን ያስታውሳል? ኢንስቲትዩቱ ማሪ ብሎ የሰየመው ዘዴ መልሱን ሰጠ። ኬሞቴራፒው ከመጀመሩ በፊት፣ ካንሰር እንዳለባት በናሙና በተረጋገጠችው ዕጢ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታክል አዮዲን-125 የያዘች ዘር በአልትራሳውንድ እየታየ ትቀመጣለች። የአዮዲን-125 ግማሽ ዕድሜ 59 ቀን ገደማ በመሆኑ፣ ከአራት ወር በኋላ እንኳ ሩቡ ያህል ጨረር ይተርፋል። የአይሶቶፕ ምርጫ ማለት ይህ ነው፤ ለሰዓታት ሥራ ቴክኒሺየም፣ ለወራት ሥራ አዮዲን። ሕክምናው ሲያበቃ ሐኪሙ ምልክት የተደረገባትን ዕጢ ለይቶ ያወጣና መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን ከእርሷ ያነባል።

ፔት ስካን እዚህ ላይ ይገባል። ከኬሞቴራፒው በፊት በብብት ስንት ዕጢዎች እንደበሩ ይቆጠራል። የበሩት ከአራት በታች ከሆኑና ምልክት የተደረገባት ዕጢ ከመድኃኒቱ በኋላ ንጹሕ ከሆነች፣ ብብቱ ከዚያ በላይ አይነካም። አራትና ከዚያ በላይ ከበሩና በዕጢዋም ውስጥ ካንሰር ከቀረ ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ ሁለቱም ይሰጣሉ። በመካከል ያሉት ጨረር ብቻ ያገኛሉ። ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባቀረበው ዘገባ መሠረት በዚህ አሠራር ከታከሙት ሴቶች 82 ከመቶው ዕጢዎቻቸውን ከመጠረግ ተርፈዋል።

አንድ ናሙና የማይናገረው

ካንሰሩ ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጉበት ከተሠራጨ ጥያቄው ይለወጣል፦ የትኛው መድኃኒት ይሠራል? የኤስትሮጅን ተቀባይ ያለው ካንሰር በሆርሞን መድኃኒት ይታከማል፤ ኸር-ቱ የተባለው ፕሮቲን የበዛበት ደግሞ ትራስቱዙማብን በመሰሉ መድኃኒቶች። ይህ የሚታወቀው ከናሙና ነው። ናሙና ግን የሚወሰደው ከአንድ ቦታ ነው፤ በአከርካሪ ያለው ካንሰር በጉበት ካለው ጋር አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል።

የግሮኒንገንና የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ለዚህ ችግር አብረው ሲሠሩ ቆይተዋል። አንደኛው ዘዴያቸው ኤስትሮጅንን ራሱን በፍሎሪን-18 ምልክት አድርጎ መስጠት ነው፤ ተቀባዩ ያለበት ካንሰር ሁሉ በአንድ ምስል ላይ ይበራል። ይህ ጠቋሚ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃድ አግኝቷል። ሁለተኛው በአምስተርዳሙ ፍሬይ ዩኒቨርሲቲ ሳይንቲስቶች የጎለበተው ዚርኮኒየም-89 ነው። እንደ ትራስቱዙማብ ያሉ ትላልቅ ፀረ እንግዳ አካላት ወደ ዒላማቸው ለመድረስ ቀናት ስለሚወስዱ፣ በ110 ደቂቃ የሚከስመው ፍሎሪን አይጠብቃቸውም፤ 78 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ያለው ዚርኮኒየም ግን ይጠብቃል።

የቤልጂየምና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በጋራ ባካሄዱትና ዜፊር በተባለው ጥናት፣ ናሙናቸው ኸር-ቱ እንዳለው ያመለከተ 56 ሴቶች በዚህ ዘዴ ተመርምረዋል። ከሦስቱ አንዷ ገደማ በሆኑት ላይ አብዛኛው ካንሰር ጠቋሚውን አልያዘም ነበር። በወረቀት ላይ ለመድኃኒቱ ብቁ የነበሩት እነዚህ ሴቶች በአካላቸው ውስጥ ሌላ ዓይነት በሽታ ይዘው ነበር ማለት ነው። ውድና ጎጂ ጎን ያለውን መድኃኒት ለወራት ሞክሮ አለመሥራቱን ከማወቅ፣ በአንድ ሳምንት ምስል ማወቁ የሚያተርፈው ጊዜ ለታካሚዋ እጅግ ውድ ነው።

ሮተርዳም፦ ቁልፉን በቀዳዳው ማወቅ

በተቀባዮች አማካይነት ካንሰርን የማየት ሐሳብ ሥር የሰደደው በሮተርዳም ነው። የዛሬው ኤራስመስ ሕክምና ማዕከል ባልደረባ የነበሩት ኤሪክ ክሬኒንግና ጓዶቻቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ሶማቶስታቲን የተባለውን ሆርሞን የሚመስል ሞለኪውል ራዲዮአክቲቭ በማድረግ፣ ሆርሞን አመንጪ ከሆኑ ሕዋሳት የሚነሡ ዕባጮችን በካሜራ አሳዩ። በ1994 ደግሞ ይኸው ቡድን ዘዴውን በጡት ካንሰር ላይ ሞከረ፤ ከተመረመሩት 52 የጡት ካንሰሮች 39ኙ፣ ማለትም 75 ከመቶው ታዩ።

አንዱ ከአራት የሚያመልጠው ምርመራ ግን ለመደበኛ አገልግሎት አይበቃም፤ ዘዴው በጡት ካንሰር ላይ ሳይለመድ ቀረ። የሮተርዳሙ ሐሳብ ፍሬ ያፈራው በሌላ ማሳ ነው። ተቀባዩን ለማየት ያገለገለው ሞለኪውል ጠንከር ያለ ጨረር የሚሰጠውን ሉቴሺየም-177 ሲሸከም፣ ካሜራ የሚያየውን ካንሰር መልሶ የሚያጠቃ መድኃኒት ሆነ። ይህ ሕክምና ለሆርሞን አመንጪ ዕባጮች በአውሮፓ በ2017፣ በአሜሪካ በ2018 ጸድቋል። የሮተርዳም ተመራማሪዎችም በብዙ የጡት ካንሰሮች ላይ የሚገኝ ሌላ ተቀባይን በተመሳሳይ መንገድ ሲያጠኑ ቆይተዋል።

ከዚሁ ከተማ የመጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለኑክሌር ምስል ጠንካራ ተፎካካሪ አስተዋውቋል። በዘር ውርስ ለጡት ካንሰር የተጋለጡ 1,909 ሴቶችን የተከታተለውና በሮተርዳም ሐኪሞች የተመራው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳተመው፣ ወራሪ ካንሰርን በማግኘት ረገድ ማሞግራፊ 33 ከመቶ፣ ኤምአርአይ ደግሞ 80 ከመቶ ያህል ስሜታዊነት ነበራቸው። ኤምአርአይ በማግኔት እንጂ በጨረር አይሠራም። ይህ ልዩነት ጤነኛ ሴቶችን በጅምላ ለመመርመር ሲታሰብ ዋና ጉዳይ ይሆናል፤ ጉዳዩም ወደ ዘ ሄግ ይሻገራል።

ዘ ሄግ፦ ለጤነኛዋ ሴት ስንት ጨረር?

በኔዘርላንድ ከ50 እስከ 75 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሴቶች በየሁለት ዓመቱ ለነጻ የማሞግራፊ ምርመራ በደብዳቤ ይጋበዛሉ። ጨረር የሚጠቀም የጅምላ ምርመራ በሕግ የሚኒስትር ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከዚያም በፊት መቀመጫውን በዘ ሄግ ያደረገው የጤና ምክር ቤት አስተያየት ይሰጥበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የታመመች ሴት የምትቀበለው አነስተኛ የጨረር ስጋት በጥቅሙ ይካካሳል። በጅምላ ምርመራ የሚጋበዙት ግን አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው።

ልዩነቱ በቁጥር ይህን ይመስላል። የሁለቱም ጡት ማሞግራፊ ከ0.5 ሚሊሲቨርት ያልበለጠ ጨረር ይሰጣል፤ እርሱም በጡት ላይ ብቻ ያርፋል። በቴክኒሺየም የሚሠራው ሞለኪውላር ምስል 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ይሰጣል፤ ንጥረ ነገሩ በደም ስለሚሰራጭም አንጀትን ጨምሮ መላ ሰውነት ይካፈለዋል። ይህ መጠን አንድ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት ከሚያገኘው አማካይ ጨረር ጋር እኩል ገደማ ነው። ለአንዲት ታካሚ አሳሳቢ አይደለም። በየሁለት ዓመቱ ለሚመረመሩ መቶ ሺህዎች ሲባዛ ግን ሊታለፍ አይችልም።

ስለዚህ ኔዘርላንድ ለጥቅጥቅ ጡት መፍትሔ ስትፈልግ ወደ ኤምአርአይ አዘነበለች። በዩትሬክት የተመራውና 40,373 ሴቶችን ያካተተው ዴንስ የተባለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳየው፣ እጅግ ጥቅጥቅ ጡት ላላቸው ሴቶች ኤምአርአይ ሲቀርብ በሁለት ምርመራዎች መካከል ድንገት ብቅ የሚሉት ካንሰሮች ከ1,000 ሴቶች ከ5 ወደ 2.5 ወርደዋል። የጤና ምክር ቤቱ በ2020 ጥቅሙን ተቀብሎ፣ ነገር ግን የኤምአርአይን ወጪና የባለሙያ እጥረት በማመዛዘን፣ ቀለም ተሰጥቶ የሚነሣ ማሞግራፊ በጥናት እንዲፈተሽ መክሯል።

ዘ ሄግ ሌላም ከባድ ውሳኔ ነበረባት። ጋማ ካሜራ ያለ ቴክኒሺየም ባዶ ሣጥን ነው። ቴክኒሺየም የሚወለደው ሞሊብዲነም-99 ከተባለ አይሶቶፕ ሲሆን፣ ሞሊብዲነሙ በብዛት የሚመረተው በጥቂት የዓለም የኑክሌር ማብላያዎች ብቻ ነው። ከእነርሱ አንዱ ከአምስተርዳም በስተ ሰሜን፣ በባሕር ዳር አሸዋ ኮረብታዎች መካከል በፔተን መንደር ይገኛል። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። የሞሊብዲነም ግማሽ ዕድሜ 66 ሰዓት በመሆኑ አከማችቶ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ዛሬ የተመረተው በሳምንቱ ከአምስት እጅ አንድ እጅ እንኳ አይቀርም። በ2010 የፔተን ማብላያ ለጥገና ለወራት ሲዘጋ፣ የካናዳውም አስቀድሞ ቆሞ ስለነበር በብዙ አገሮች ምርመራዎች ተሰረዙ። በ2024 መጸውም ማብላያው በቧንቧ ጉድለት ምክንያት ዘግይቶ በመነሣቱ እጥረት ተፈጥሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአውሮፓ ኮሚሽን፣ የኔዘርላንድ መንግሥት ፓላስ ለተባለው ተተኪ ማብላያ የሚሰጠውን የ2 ቢሊዮን ዩሮ ድጋፍ አጽድቋል።

ከፔተን እስከ አዲስ አበባ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያውያን ምን ይነግራል? በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የታከሙ 1,070 የጡት ካንሰር ሕሙማን ሴቶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ የሴቶቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 መሆኑን አሳይቷል። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሳሉ የመጡት 4 ከመቶ ብቻ ናቸው። 46 ከመቶው በሦስተኛው፣ 25 ከመቶው በአራተኛው ደረጃ ላይ ነበሩ። ይህን ቁጥር ምንም ዓይነት ካሜራ ብቻውን አይለውጠውም። ዘበኛ ዕጢን የመፈለግ ጥበብ የሚጠቅመው ካንሰሩ ብብትን ገና በግልጽ ሳይወር ለደረሰች ሴት ነው።

ከኔዘርላንድ ልምድ ቀድሞ ሊወሰድ የሚችለው ግን ውዱ አይደለም። የፔት ጠቋሚዎች በአቅራቢያ ሳይክሎትሮን ይሻሉ። ዘበኛ ዕጢን ለማግኘት የሚያስፈልገው ቴክኒሺየም ደግሞ ሞሊብዲነም በያዘ ትንሽ አመንጪ ተጭኖ በአውሮፕላን ይጓዛል፤ ጋማ መፈለጊያውም በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ከምስሉም በፊት የናሙና ምርመራው ይቀድማል። በ352 ኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ የተሠራ ሌላ የ2014 ጥናት፣ 65 ከመቶው የኤስትሮጅን ተቀባይ እንዳላቸው አሳይቷል። ለእነዚህ ሴቶች ታሞክሲፈን የተባለው ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ ክኒን ይጠቅማል፤ ይህንን ለማወቅ የሚያስፈልገው የላቦራቶሪ ምርመራ እንጂ ዚርኮኒየም አይደለም።

በኔዘርላንድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያትም ሁለት ነገሮች ግልጽ ናቸው። በደችኛ ተጽፎ የሚመጣው የግብዣ ደብዳቤ ከ50 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በታች ያለች ሴት በጡቷ ወይም በብብቷ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ካየች ደብዳቤ ሳትጠብቅ ወደ ቤተሰብ ሐኪሟ መሄድ ይኖርባታል። ማሞግራፊዋ ንጹሕ ተብሎ እብጠቱ ከቀረም «ጡቴ ጥቅጥቅ ነው? ሌላ ምርመራ ያስፈልገኛል?» ብላ መጠየቅ መብቷ ነው። ለኑክሌር ምርመራ የተላከች ሴት ደግሞ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወይም የምታጠባ ከሆነች አስቀድማ መናገር አለባት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል የአገራችን ሰው። የአምስተርዳምና የሮተርዳም ካሜራዎች የተደበቀውን ሊገልጡ፣ የማያስፈልገውን ቢላዋ ሊያስቀሩ ይችላሉ። ይህን የሚያደርጉት ግን ወደ ሆስፒታሉ በር በጊዜ ለደረሰች ሴት ነው፤ ከጥቁር አንበሳው ጥናት 100 ሴቶች 71ዱ በዚያ በር የደረሱት ካንሰሩ ሦስተኛውን ደረጃ ካለፈ ወይም ከያዘ በኋላ ነበር።